ናፍጣ፣ ባትሪና የእድራችን መኪና

ለውድ አክስቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? የደሴ ብርድ ዘንድሮም በዚያች በተሰነጠቀች መስኮት እየገባ ይጎበኝዎታል ወይስ መስተዋቱን አስቀየሩት? ሐኪሙ ያዘዘልዎትን የዓይን ጠብታ ያቃጥለኛል ብለው ከአልጋ ሥር እንዳልጣሉት ተስፋ አደርጋለሁ፤ አመልዎን አውቀዋለሁና። የአባዬን ሳል ጠይቀውኝ ነበር። ሳሉ ቆሟል። እኔም አለሁ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ከሁሉ በፊት አንድ ነውሬን ልናገርና ይቅለለኝ። ሐሙስ ዕለት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ፒያሳ ሙሉ እያየኝ፣ በኤሌክትሪክ መኪና ተሳፍሬ ሄድኩ። እኔ! ሰፈሩ በሙሉ «የባትሪ ጠላት» ብሎ የሚጠራኝ፣ በእድር ስብሰባ ተነስቼ በዚህ ጉዳይ ብቻ ሰው እስኪያዛጋ የተናገርኩ ሰው። እንዴት እንደገባሁበት በኋላ እደርስበታለሁ። መጀመሪያ ያናደዱኝን ሰዎች ልማቸው፤ እርስዎም ከደብዳቤዬ የሚወዱት እሱን ነው።

የአገራችንን ፖለቲካ ያውቁታል፤ ሁለት ወገን ነው። አንዱ ማይክሮፎን የያዘ፣ ሌላው ማይክሮፎኑን የሚመኝ።

ማይክሮፎን የያዘው ወገን አንድ ቀን ተነስቶ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ከእንግዲህ አገር አይገባም አለ። ያማከረን የለም። ለድግስ ጠርቶ እንግዳው በር ላይ ከቆመ በኋላ «ለመሆኑ ቤት ውስጥ ሽንኩርት አለ?» ብሎ ሚስቱን የሚጠይቅ አባወራ አይተው ያውቃሉ? እንደዚያ ነው። መኪናው በየት ይሞላል፣ ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል፣ ባትሪው ሲያረጅ የት ይጣላል ሲባሉ መልሱ አንድ ነው፤ «በሂደት»። እኔ በዚህ ዕድሜዬ «በሂደት» ተብሎ በሂደት የመጣ ነገር አላየሁም። መብራት ራሱ በእኛ ሰፈር እንደ ሀብታም ዘመድ ነው። ሲመጣ ሁሉም ደስ ብሎት ይነሳል፤ ለምን እንደሄደ ግን ደፍሮ የሚጠይቀው የለም። እሱን ዘመድ ተማምኜ ነው መኪና የምገዛው?

ግድቡን አልሰድብም፤ እንዳይቆጡኝ። ከደመወዜ ተቆርጧል፣ ልቤም ሞቆበታል። ነገር ግን ወንዝ መገደብና እስከ ሰው ጓዳ ሽቦ መሳብ ሁለት የተለያየ ሥራ ነው። ለመጀመሪያው ይጨበጨባል። ለሁለተኛው ማንም ስለማያጨበጭብ ማንም አይቸኩልለትም። ሹሞቻችን ጭብጨባ በሌለበት ሥራ እጃቸው ይዝላል።

ሁለተኛው ወገን ደግሞ ቸርችል ጎዳና ላይ ካለች ካፌ ደጅ አይጠፋም። በአንድ ማኪያቶ ግማሽ ቀን ይቀመጣሉ። መንግሥት ነዳጅ ሲደጉም «ሕዝቡን እያታለለው ነው» ይሉ ነበር፤ ድጎማውን ሲያነሳ «ሕዝቡን ፈጀው» አሉ። በሁለቱም ቀን ጠረጴዛው ያው ነው፣ ማኪያቶውም ያው ነው። ከመካከላቸው የተቃጠለ አምፖል መቀየር የሚችል አንድ ሰው ቢገኝ ምርጫ ላይ ድምፄን እሰጠዋለሁ። እኔ ድጎማው ሲሰጥም ተቃውሜ ነበር። ዋጋውን የማያውቀውን ነገር ሰው አይቆጥበውም። ዛሬ ደግሞ መንግሥት የምነዳውን መኪና አይምረጥልኝ ስል እነዚያው ሰዎች «አንተ የማን ነህ?» ይሉኛል። የማንም አይደለሁም። አሮጌውን አትንኩ አላልኩም፤ አዲሱ ቆሞ ሲሄድ እስክናየው አሮጌውን አትጣሉ ነው ያልኩት። ልጁ ዳዴ ሳይል አባትየውን ከቤት አያስወጡትም። ይህን ስል ግማሹ ፋራ ይለኛል፣ ግማሹ የነዳጅ ነጋዴ ከፍሎት ነው ይላል።

አሁን ወደ እድራችን ልምጣ። ያቺን ነጭ የቀብር ሚኒባሳችንን ያስታውሷታል፤ እርስዎ አፍንጮ በር እያሉ የተገዛችውን። ሞተሯ ደከመ። ከፋሲካ በኋላ በተጠራው ስብሰባ ላይ የእድሩ ዳኛ ጋሽ ሉልሰገድ «ሞተሯን እናስወርዳት ወይስ እንሽጣት?» ብለው ጉዳዩን አቀረቡ። ሰምሃር ተነሳች። ሰምሃር የወይዘሮ አክበረት ልጅ ናት፣ የጨርቅ ሱቅ ያላቸው። መሐንዲስ ሆናለች፤ እሷም ይህን ማንም እንዲረሳው አትፈቅድም። ለእናቷ ሱቅ ዕቃ የምታመላልስበት የኤሌክትሪክ ሚኒባስ አላት። እድሩም እንደሷ ዓይነት ይግዛ፣ የናፍጣ ሰልፍ ይቅርብን አለች።

እኔም ተነሳሁ። ከላይ ለእርስዎ የጻፍኩትን ሁሉ አስረዝሜ ተናገርኩ። መብራት ጠፍቶ አስከሬን ሳይነሳ ቢውል ማን ይጠየቃል አልኩ። ሰምሃር ቁጭ ብላ ካዳመጠችኝ በኋላ «ይሄ ልጅ ሲወለድ ከዘራ ይዞ ነው የወጣው» አለች። የስብሰባው ድንኳን በሳቅ ፈረሰ። እኔ ደግሞ «ከዘራ ቻርጅ አይፈልግም» አልኳት። የባሰ ተሳቀ። እውነቱን ለመናገር በዚያች መልስ ሳምንት ሙሉ ኮርቻለሁ።

የባሰው ግን ከኋላ መጣ። አባዬ ጋቢውን ተከናንቦ ጥግ ላይ ተቀምጦ ነበር። ጋራዡን ከዘጋ ወዲህ ስብሰባ ላይ መናገር ትቷል። ዕድሜውን በሙሉ በናፍጣ ሞተር ያደረ፣ እኔንም በናፍጣ ሞተር ያስተማረ ሰው፣ እጁን አወጣና ከሰምሃር ጋር ነኝ አለ! «ልጄ ስለ ናፍጣ የሚያወራው ከሰማው ነው፤ እኔ ከተነፈስኩት ነው የምናገረው» አለ። «ደረቴ ጠጥቶ ጠጥቶ ጠግቧል። ቢያንስ ያችኛዋን ቀን ጭስ ሳልሸት ብሄድ ደስ ይለኛል።» ጋሽ ሉልሰገድ «አንተ ደግሞ፣ ሁላችንንም ቀብረህ ነው የምትሄደው» አሉት፤ ሰው ሳቀ፤ ወዲያው እጅ ተቆጠረ። በጥቂት እጅ እኔ አሸነፍኩ። ሚኒባሷ ሞተሯ ወርዶ ተጠገነ፣ ቀለምም ተቀባች።

ወደ ቤት ስንመለስ አባዬ ክንዴን ይዞ ዳገቱን በዝግታ ወጣን። ቤት ልንደርስ ስንል «ንግግርህ ጥሩ ነበር» አለኝ። ጥቂት ካረፈ በኋላ «ተሳስተሃል እንጂ» አለ። ከዚያ በኋላ ጉዳዩን አላነሳነውም።

ባለፈው ረቡዕ አንድ የእድራችን አባል አረፉ። ማን እንደሆኑ እዚህ አልጽፍም።

ሐሙስ ጠዋት ድንኳኑ ተተክሏል፣ ካህናቱ መጥተዋል፣ ሰው ግቢውን ሞልቶ ወደ መንገድ ፈስሷል። ሚኒባሷ ግን የለችም። ከማክሰኞ ጀምሮ ናፍጣ ሰልፍ ላይ ናት። ጋሽ ሉልሰገድ ሹፌሩን ደጋግመው ይደውሉለታል፤ እሱም ደጋግሞ ሰልፉ አልተነቃነቀም ይላቸዋል። ማንም ወደ እኔ አላየም። ሁሉም በጨዋነት ሌላ ሌላ ነገር ያያል። በትከሻ እንሸከማለን አልኩ፤ ደግሞም የአባቶቻችን ወግ እሱ ነበር አልኩ። ጋሽ ሉልሰገድ በቀስታ «ልጄ፣ መቃብሩ ሩቅ ነው» አሉኝ።

በዚህ መካከል ሰምሃር የራሷን ሚኒባስ ወደ ኋላ እያስገባች ደጃፉ ላይ አቆመችው። ሲመጣ ስላልሰማነው ሰዎች ደንግጠው ገለል አሉ። ወንበሮቹን አውጥታ ወለሉን አጥባዋለች፤ ከእናቷ ሱቅ ያመጣችው አዲስ ነጭ አቡጀዲ ተነጥፎበታል። «ከዘራህ የት አለ?» ትለኛለች ብዬ መልሴን እያዘጋጀሁ ነበር። እሷ ግን የኋላውን በር ከፍታ ያዘችልኝና «ከሳቸው ጋር ግባ፣ ብቻቸውን አይሂዱ» አለችኝ።

ነውሬ እንግዲህ ይሄ ነው። ገባሁ።

አክስቴ፣ የኤሌክትሪክ መኪና አንድ ትልቅ ጉድለት አለበት፤ በስብሰባው ላይ ሳላነሳው የቀረሁት። ድምፅ የለውም። ናፍጣ ቢሆን ሞተሩ ይጮህልዎታል፤ ሰው ከኋላ ተቀምጦ የፈለገውን ቢሆን ማንም አይሰማውም። በባትሪ መኪና ውስጥ ግን ትንፋሽ እንኳ አይደበቅም። ሰምሃር ከፊት ሆና ሁሉንም ሰምታኛለች። መስታወቷን ወደ ላይ ገፋ አድርጋ እንዳታየኝ አዞረችው። መሐንዲሶቹ እንዲህ ያለውን ጉድለት ቀድመው ማሰብ ነበረባቸው።

ቸርችልን ቁልቁል ስንወርድ ቴዎድሮስ አደባባይ ጋ መንገዱ ተዘጋግቶ ቆምን። ከካፌው ደጅ እነዚያ የማኪያቶ ፖለቲከኞች በሙሉ ተቀምጠዋል። አዩኝ። ስንት ወር ሲጠብቁት የኖሩት ቀን ነው፤ የባትሪ ጠላት ባትሪ ላይ ተጭኖ! አንደኛው ቀስ ብሎ ተነሳ። ቀጥሎ ሌላው፣ ከዚያ ሁሉም። ኮፍያ ያደረገው ኮፍያውን አወለቀ። መኪናው እስኪንቀሳቀስ ድረስ ቆመው ጠበቁን። ስድባቸውን እመርጥ ነበር።

እስከ መቃብሩ በር ድረስ ጭስ አልሸተተንም።

አቋሜን ቀይሬአለሁ ብለው እንዳያስቡ። አንድ ቀን መልካም የሄደ መኪና የአገር ፖሊሲ አይሆንም። ሰምሃር በሯን የከፈተችልኝ አዋጅ ስለወጣባት አይደለም፤ ጎረቤት ስለሆነች ነው። መንግሥት ደግሞ ሰምሃር አይደለም። ሹሞቹ ይህን ታሪክ ቢሰሙ ነገ በቴሌቪዥን የእነሱ ስኬት አድርገው ያቀርቡታል፤ ካፌዎቹም ስለ ናፍጣው ሰልፍ ብቻ ያወራሉ። ሁለቱም ወለሉን ማን እንዳጠበው አይጠይቁም። እኔ ለእነዚህ ሰዎች ያለኝ ንቀት እንደ ጥሩ ቅቤ ሲቆይ ይበስላል እንጂ አይበላሽም።

የእድሩ መኪና ጉዳይ በሚቀጥለው ስብሰባ እንደገና ይቀርባል። ጋሽ ሉልሰገድ «አንተ ቀድመህ ትናገራለህ» ብለውኛል። ምን እንደምል ገና አላወቅሁም። እጄን ለየትኛው እንዳነሳሁ፣ ሰምሃርም ምን ብላ እንደሰደበችኝ፣ አንዱንም ሳልደብቅ እነግርዎታለሁ።

ጉልበትዎን ያበርታልዎ፣ ዓይንዎን ያብራልዎ፣ ቤትዎን ሰላም ያሳድርልዎ። ጉልበትዎን ስሜ፣

የወንድምዎ ልጅ።

እትዬ ሀኒፋ፣ ከዚህ በታች ያለው ለእርስዎ ብቻ ነው። አክስቴ ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ደብዳቤዬን የሚያነቡላቸው እርስዎ እንደሆኑ አውቃለሁ። የአባዬ ወዳጅ ጋሽ አጽብሐ፣ የወሩ ደብዳቤ ከቀረ አክስትህ ይጠረጥራሉና እንደ ወትሮው አስቂኝ አድርገህ ጻፍ ብለውኝ ነበር። አስቂኙን ጽፌ አበቃሁና እጄ አልቆም አለኝ። ስለዚህ «ባለፈው ረቡዕ» ከሚለው ጀምሮ እስከ ምርቃቱ ድረስ ይዝለሉት። በመኪናው ለምን ተሳፈረ ካሉዎት ሰምሃር መንገድ ላይ አግኝታ ሸኘችው ይበሏቸው። በእኔና በሰምሃር መካከል ነገር አለ ብለው ይጠረጥራሉ፤ ተዉዋቸው ይጠርጥሩ።

ይህን ደብዳቤ ዛሬ ዓርብ ወደ ደሴ በሚነሳ ሹፌር እጅ እልካለሁ። ቅዳሜ ከአባዬ ሳልስት በኋላ ተነስተን ማታ ደሴ እንገባለን፤ የምናድረው ከተማ ውስጥ የጋሽ አጽብሐ ዘመዶች ዘንድ ነው። እባክዎ ያን ሌሊት ከአክስቴ ጋር ይደሩ። ስልክ ሲጮህ እርስዎ ያንሱት። እሁድ ማለዳ ስናንኳኳ በሩን እርስዎ ይክፈቱልን፣ ጎረቤቶቹንም ቀድመው ይንገሯቸው። የቀረውን እኔው በአፌ እነግራቸዋለሁ።

ፖለቲከኞቹን ያማሁበትን ግን ደግመው ያንብቡላቸው። ቅዳሜን ስቀው ይደሩ።