ሲሞቅ ስለሚጠፋው ካሜራ

ይድረስ ለተከበሩ ኢንጂነር ወንድወሰን፣ በሪያድ የኢትዮጵያውያን የአጭር ፊልም ወዳጆች ክበብ ሊቀ መንበር፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ቢሮዎም መኪናዎም ቀዝቃዛ መሆናቸውን ስለማውቅ የዘንድሮው ሙቀት እንደ እኛ አያንገላታዎትም ብዬ ተጽናንቻለሁ። እኔ አዜብ ነኝ፣ ነርሷ፤ ለአጭር ፊልም የሚሆን አቅሜን የማይጎዳ ካሜራ የቱ እንደሆነ ምክርዎን ፈልጌ ደጅ የጠናሁት የክበብዎ አባል። ለዋሉልኝ ውለታ በአደባባይ ማመስገን ስለሚገባኝ እነሆ፦

1ኛ፦ በስልኬ ልቅረጽ ብዬ ስጠይቅዎ በአባላቱ ፊት ከት ብለው ስቀው፣ ሲኒማ በስልክ አይሠራም፣ አንድ የማውቀው ሰው የሚሸጠው ርካሽና አስተማማኝ ካሜራ አለ፣ በእኔ ጣይው እህቴ ስላሉኝ አመሰግናለሁ። እህቴ መባሌን አምኜ በወጉ እንኳ ሳልፈትሽ ገንዘቡን ለእርስዎ ሰጥቼ ተቀበልኩ። ጉድ እኮ ነው፣ መርፌ ከመውጋቴ በፊት ብልቃጡን ደጋግሜ የማነብ ሰው ነኝ!

2ኛ፦ ካሜራው የውጭ ማይክ እንደማይቀበል ስነግርዎ፣ ኤሲውን አጥፍተሽ ቅረጪ፣ ድምፁ ጥርት ይላል ብለው ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። ፊልሜ ስለ ኑርያ ነበር። ዑረይጃ ሰፈር ሰው ቤት ስትሠራ የኖረች የወሎ ሴት ናት፤ ኹሩጅ፣ የመውጫ ቪዛው፣ ተመትቶላት ጠቅልላ አገሯ ልትገባ ነበር። ጡት ሳትጥል ትታት የመጣችው ልጇ፣ እናቴ ረስታኛለች ብላ ስልኳን አታነሳላትም። ኑርያ ለዚች ልጅ የምትለውን ልቀርጽላት በመጨረሻዋ ጁምዓ ጉበይራ ሰፈር ከጓደኞቿ ጋር በተከራየችው የጋራ ክፍል በርና መስኮቱን ዘግተን ኤሲውን አጠፋን። ላቧ በፊቷ እየወረደ ለማንም ያልተናገረችውን ተናገረች፣ አለቀሰች፣ ኸላስ፣ በቃ አለች። እኔም ዓይን ዓይኗን እያየሁ አብሬ ሳለቅስ ቆይቼ ወደ ካሜራው ዞር ብል፣ ሙቀቱን አልችል ብሎ ገና መግቢያው ላይ ጠፍቷል። መጥፋቱን ደፍሬ ሳልነግራት፣ እስቲ እንደገና ብቻ ብዬ ለመንኳት። ይህን ሁለተኛ ከአፌ አላወጣውም አለችኝ፤ ምን ልፍረድባት? በማግስቱ ተሳፈረች።

3ኛ፦ ባዲዓ ሰፈር ላለው የካሜራ ጠጋኝ ለፉአድ ካሜራውን ስወስድለት ገና ከቦርሳው ብቅ ሲል ስላወቀው አመሰግናለሁ። አምና በሙቀቱ ወራት ኢንጂነሩ ደጋግመው አምጥተውት ነበር፣ ሲሞቅ እንደሚጠፋና መላ እንደሌለው ነግሬያቸዋለሁ አለኝ። ለካ ያ የሚያውቁት ሰው እርስዎ ራስዎ ኖረዋል! ራስን ማወቅ መቼም ደግ ነገር ነው።

ርካሽ ዕቃ ቢበላሽ ማን ይገረማል? እኔን ያንገበገበኝ እያወቁ ዝም ማለትዎ ነው። ሲሞቅ ይጠፋል የምትል አንዲት ቃል ቢነግሩኝ እኮ ስልኬን አጠገቡ አቆም ነበር። ወላሂ ከወንድሜ ለይቼ አላየሁዎትም ነበር።

ክበቡን በዚሁ ታማኝነትዎ ለረጅም ዘመን እንዲመሩ እየተመኘሁ፣ ሰው ከማመን በአንድ ምክር ብቻ የፈወሱኝ፣

አክባሪዎ አዜብ
ከሪያድ

ማስታወሻ፦ ትናንት ኑርያ ደውላ ነበር። ልጇ ፊልሙን ለማየት እሺ ብላለች፤ መቼ ትልኪልናለሽ አለችኝ። ስልክ ቁጥርዎን ሰጥቻታለሁና ስትደውል ፊልሙ እንደሌለ እርስዎ ይንገሯት።