ያለ ተስሪህ ስለ ማንበባችን ለለጅናው ሊቀ መንበር የቀረበ ምስጋና

ገዳሪፍ፣ ኅዳር ፲፩ ቀን

ለክቡር አቶ ምንይችል
የሐበሻ ወቅታዊ ሠራተኞች ለጅና (ኮሚቴ) ሊቀ መንበር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? ቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ ያ የደም ግፊትዎ፣ ባለፈው ክረምት ያስቸገርዎ ጉልበትዎስ እንዴት አሉ? ጤናዎን የምመኘው ከልቤ ነው፤ እርስዎ አንድ ነገር ቢሆኑ ባለቤቴን ባንታምላክን ወዴት እንደወሰዱት ጠይቆ መልስ የሚያገኝ ሐበሻ በዚህ ከተማ አይቀርልኝምና። ስለዚህ ጨው ይቀንሱ፣ ፀሐይ ላይ አይቁሙ፣ እንቅልፍዎንም በደንብ ይተኙ። የእርስዎንም ድርሻ እኔ እየነቃሁልዎት ነው።

ደብሪቱ ላቀው ነኝ፤ ከሰሊጥ መጋዘኖቹ ጀርባ ጆንያ የምሰፋዋ። ይህን ደብዳቤ ቢሮዎ ድረስ አምጥቼ በእጅዎ ልሰጥዎ አስቤ ነበር፤ ዘበኛዎ ግን የለጅናው ማኅተም የሌለበት ወረቀት ወደ ለጅናው እንደማይገባ በትሕትና አስረዳኝ። እኔም በመጋዘኑ ግድግዳ ላይ ልለጥፈው ተነሣሁ። እዚያ ማኅተም የሚጠይቅ የለም፤ ማንበብ ለማይችለውም የሚያነብለት ሰው አይጠፋም። ይህ የሆነበትን ምክንያት፣ ምስጋናዬን በተራ በተራ ሳቀርብ ያገኙታል።

አንደኛ፣ ስለ ትምህርት ላመስግንዎ። የእኛ ሰው በሚካኤል፣ በማርያም፣ በመድኃኔዓለምና በበዓለ ወልድ ማጭድ አያነሳም። ባለ እርሻው ቢለምነው፣ ወኪሉ ቢሰድበው፣ አያነሳም። ድሮ በእነዚህ ቀናት ሳሉጉ፣ ያ በማጨድ የሚያድረው ወቅታዊ ሠራተኛችን፣ አረቄውን ጠጥቶ ሲፈነካከት ይውል ነበር። በሚፈነካከትበት ዘመን ከለጅናው አንድ ሰው መጥቶ «ፈቃድ አላችሁ?» ብሎ አልጠየቀም። ባንታምላክ ከመጋዘኑ ጀርባ ራኩባ፣ የእንጨት ዳስ፣ ሠራና የሚያነብ ለማያነብ እያነበበ፣ የማያነበውም ያየውን በአፉ እያወጋ፣ በዓሉን በጥላው ሥር አብረን መዋል ጀመርን። መምህር የሚባል አልነበረም፤ ደመወዝ የሚበላ፣ አርጩሜ የሚይዝ፣ ስም የሚጠራ አልነበረም። መምጣት የፈለገ ይመጣል፣ የሰለቸው ይሄዳል። እኔ ሁለት ልጅ ከወለድኩ በኋላ ፊደል የለየሁት እዚያ ነው።

እርስዎ ግን አሰቡልን። ዕውቀት ያለ ተስሪህ ከተገኘ ሊያሳምመን እንደሚችል ከሁላችን ቀድመው ተረዱና ከለጅናው ተስሪህ የሚባለውን የፈቃድ ወረቀት ሳይዝ ያስተማረም የተማረም እንደሚጠየቅ የሚገልጽ ማስታወቂያ አወጡ። እግዚአብሔር ይስጥልን። የቀረኝ አንድ ችግር የተማርኩትን የምመልስበት የቢሮ መስኮት ማጣቴ ነው። ማስታወቂያዎን እንኳ ላለማንበብ ፊቴን አዙሬ ነበር፤ ምን ላድርግ፣ ዓይኔ ለቀም አደረገው።

ሁለተኛ፣ ስለ ዋጋ። በዚህ ዓመት የአጨዳውን ዋጋ ለጅናው ወስኖ፣ ከዚያ በላይ የጠየቀም የከፈለም ወንጀለኛ ነው ማለትዎ ለእኩልነት ካለዎት ፍቅር የመነጨ መሆኑን አንጠራጠርም። እርግጥ ሰሊጥ ማስታወቂያ አያነብም፤ ደርሶ አፉን ከከፈተ ፍሬው መሬት ላይ ነው የሚቀረው። በዚህ የተጨነቀው ገበሬ ሁዜይፋ በእግሩ ወደ ራኩባው መጣ፣ ውኃ ጠጣ፣ ከአጫጆቹ ጋር በዋጋ ተከራከረ፣ በመጨረሻም ተጨባበጡ። እርሱ ሰሊጡን አዳነ፤ እነርሱም ለልጆቻቸው የሚልኩትን አገኙ። ያዘነ ሰው ቢፈለግ ከእርስዎ በቀር አይገኝም።

ባንታምላክ ዋጋ የሚያወጡት የሚፈላለጉ ሁለት ሰዎች ናቸው፣ በመካከላቸው ሳይጠሩት የሚገባ ሦስተኛ ሰው ወይ ደላላ ነው ወይ ቀማኛ ነው ይል ነበር። እርስዎን ደላላ ብሎ ሰድቦ እንደማያውቅ ግን እኔ ሚስቱ እመሰክርለታለሁ።

ሦስተኛ፣ ስለ መንግሥት። በራኩባው ሥር ስለ መንግሥት ይወራ ነበር ማለትዎ እውነት ነው፣ አልክድም። ከካርቱም ጦርነት የሸሸው ሕዝብ ገዳሪፍን ካጥለቀለቀ ወዲህ ስለ ሌላ ምን ይወራል? ባንታምላክ ሰው ራሱን ማስተማር ከቻለ፣ ራሱን መመገብ ከቻለ፣ ከጎረቤቱም ጋር መስማማት ከቻለ፣ አለቃ የሚያስፈልገው ለጥቂት ነገር ነው ባይ ነው። ሻይ የምትሸጠው ራሒማ ደግሞ አትለቀውም ነበር። አለቃ ከሌለ ጉልበተኛ ይበላናል፣ አንተ መጽሐፍ ይዘህ የምታቆመው ይመስልሃል ወይ ትለዋለች። እርሱም ቤት ገብቶ እራት ላይ «እውነቷን ይሆን?» የሚለኝ ቀን ነበር። አሁን ግን ነገሩ ግራ ገብቶናል። ጉልበተኛው መጣ፤ ይዞት የመጣውም አለቃችን ነው። ራሒማም ባንታምላክ ከተወሰደ ወዲህ ክርክሩን ትታዋለች።

አራተኛውን እንደ ሌሎቹ አሳምሬ መጻፍ አልቻልኩም፤ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

በጥቅምት ማርያም ሰሌዳ የሌላት ቦክሲ መኪና ራኩባው ድረስ መጣች። ባንታምላክን ከነመነጽሩ ጫኑት። ከኋላ የቀረው መኮንን ለየት ያለ ሰው ነበር፤ አልጮኸብኝም፣ ወንበርም ሰጠኝ። እጁ ላይ የለጅናው ማኅተም ያለበት የእርስዎ ሪፖርት ነበር። በአስተርጓሚ የጠየቀኝ አንድ ነገር ነው፤ የምትሰበሰቡበት ቀን አንዴ ማክሰኞ፣ አንዴ ዓርብ፣ አንዴ እሑድ ይውላል፤ ሁላችሁም ግን ሳትጠራሩ በአንድ ቀን ትመጣላችሁ፤ ምልክቱን የሚሰጣችሁ ማን ነው? አለኝ። እውነቱን ለመናገር ሳቄ መጣ። የቅዱሳን ቀን ነው፣ የእኛ ወር ከእናንተ ወር ጋር አይገጥምም፣ ምልክት ሰጪ የለንም አልኩት። እርሱም ወረቀቱን እያየ እንዲህ አለኝ፦ «በዓል ቢሆንማ ሊቀ መንበራችሁ ይነግረን ነበር። እርሱም የእናንተው ሰው ነው።»

ክቡር ሆይ፣ ላም ባልዋለበት ኩበት የሚለቅም ሰው አይቻለሁ፤ ላሚቱን ራሱ አስሮ ኩበቱ ከየት መጣ ብሎ የሚጽፍ ሰው ግን አላየሁም ነበር። ጎንደር የተወለዱ፣ በማርያም ስም የሚምሉ ሰው ማርያም መቼ እንደምትውል ጠፍቶዎት ነው ልበል? ቀኖቹን አንድ በአንድ ጽፈው፣ የቀኖቹን ስም ብቻ መተውዎን ግን የጽሕፈት ስሕተት ነው ብሎ ማመን አቃተኝ።

ያን ዕለት ወደ ቤትዎ ሮጬ መጣሁ፤ ያስታውሳሉ። በር ላይ ቆመው ያሉኝን እኔም አልረሳሁም፦ «መንግሥት ያለ ምክንያት ሰው አይወስድም። አንቺም ዝም ብትዪ ይሻልሻል።» ለምክርዎ አመሰግናለሁ። እስከ ዛሬ ዝም ብያለሁ፤ ምን እንደተሻለኝ ግን አላየሁም።

ፈርቻለሁ። ይህን በትሕትና አልሸፍነውም። የገላባት ሹፌሮች እንደሚሉት በመሸ ጊዜ ሰው እየጫኑ ወደ መተማ ማዶ የሚያራግፉ መኪኖች አሉ፤ ማን እንደሚረከባቸው የሚያይ የለም። ባንታምላክ ማዶ ቢሻገር ምን እንደሚጠብቀው ለእርስዎ አልነግርዎትም፤ በአንድ የጭነት መኪና፣ ከአንድ ሸራ ሥር ተደብቃችሁ ነው ከአገር ያመለጣችሁት። ያኔ ውኃውን ያካፈለዎ እርሱ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። እርሱ ነግሮኝ አያውቅም፤ የነገሩኝ እርስዎ ነዎት፣ በሰርጋችን ቀን።

እንግዲህ ልመናዬ ይህ ነው። እርዳታ አልጠይቅም፤ ለጅናው የሚያድለው ስኳሩም ዘይቱም ይቅርብኝ። ራኩባውን መልሱልን አልልም፤ ሲፈርስ አይቻለሁ፣ እንጨቱ ለማገዶ ሆኗል። ተስሪህም ስጡን አልልም፤ ማወቅን የሚፈቅድልኝ ሰው ነገ ሊከለክለኝም መብት አለው ማለት ነውና ይህን ሥልጣን በእጄ አላስይዝዎትም። የምጠይቅዎ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ወደዚያ መኮንን ሄደው ቀኖቹ የቅዱሳን በዓላት ናቸው፣ እኔም አውቃለሁ ይበሉት። ለመናገር የሚፈጀው ጊዜ አንድ ማኅተም ለመምታት ከሚፈጀው አይበልጥም፤ በእርስዎ አፍ ከተነገረም ይታመናል። መኮንኑ ራሱ እንዲህ ብሎኛል።

ይህን ካደረጉ ግድግዳውን በገዛ እጄ አጥቤ፣ ስለ እርስዎ መልካም ነገር ብቻ እጽፍበታለሁ። ካላደረጉም አልቀየምዎትም፤ ንጉሥ አይከሰስ ሰማይ አይታረስ ሲባል ሰምቼ ነው ያደግሁት። ወንበርዎ ይጽና፣ ማኅተምዎ አይድረቅ፣ እርስዎ ያላወቁት ነገር በዚህ ሰፈር አይታወቅ። ያለ ፈቃድ ያነበብኩ፣ ያለ ፈቃድ የጻፍኩ፣ ስለ መተንፈስ የወጣ ማስታወቂያ እስኪደርሰኝም ያለ ፈቃድ የምተነፍስ፣ ለክብርዎ እስከ መሬት የምሰግድ፣

ደብሪቱ ላቀው
ጆንያ ሰፊ፣ የባንታምላክ ባለቤት

ማሳሰቢያ፦ ደብዳቤውን ልለጥፍ ስወጣ ያቺ ቦክሲ ተመልሳ መጣች። ለእኔ መስሎኝ ነጠላዬን አጥብቄ ቆምኩ። እነርሱ ግን የጠየቁት በየወሩ በሚካኤል ቀን ብዙ ሰው የሚገባበት ቤት የትኛው እንደሆነ ነው። ያው እንደሚያውቁት፣ በዚህ ሰፈር የሚካኤልን ጽዋ የሚያወጡት እርስዎ ብቻ ነዎት። ማንም ሳያዘን፣ ሳንመካከር፣ ራሒማም እኔም ዘበኛዎም አናውቅም አልናቸው። በዓል እኮ ነው ብዬ ላስረዳቸውም ሞክሬ ነበር፤ ሳቁብኝ። ነገ ሚካኤል ነው።