በእርሳስ የተጻፈ ስም

ኅዳር 4

ወንድሜ ማርቆስ፣ ጃኬትህን ለብሼ ትምህርት ቤት ሄድኩ። እንዳትቆጣ። ከሰዓት ስልክህ ጠራ። ማዕድን ቢሮ ናቸው። "የድንጋይ ካባው ፈቃድ ማመልከቻ ጉድለት አለበት፣ መጥቶ ያስተካክል።" ከቀበርንህ ሦስት ሳምንት ሆነ ማለት አቃተኝ። "እሺ፣ እነግረዋለሁ" አልኩ። ምን ነካኝ?

ኅዳር 5

ቢሮ ሄድኩ። "ከከተማ ወጥቷል" ብዬ ዋሸሁ። ሠራተኛዋ ፎርሙን መልሳ ሰጠችኝ። "በይዞታው ላይ መብት ወይም ጥቅም ያለው ሌላ ሰው" በሚለው ቦታ የአክስታችንን ስም ጽፈሃል። ብርሃነሽ። በእርሳስ!

"በእርሳስ አንቀበልም። ወይ ያጥፋው፣ ወይ በእስክሪብቶ ይጻፍና ያስፈርማት። እስከ ኅዳር አስራ ሁለት ድረስ።"

ለምን በእርሳስ? ልታጠፋው ነበር? ሳትወስን ትተህልኝ ትሄዳለህ?

ኅዳር 7

ጋሽ በቀለ ከለቅሶው ጀምሮ እኔ ጋ ነው የሚያድሩት። ፈቃዱ ሲወጣ ካባውን የሚያሠሩት እሳቸው ናቸው። ፎርሙን አይተው "ላጲስ አምጣ" አሉኝ።

"ጋሼ፣ አባዬ እኮ ያንን የመሬታችንን ጥግ ለአክስቴ የሰጣት በሽማግሌ ፊት ነው፣ ትዳሯን ፈትታ ስትመጣ።"

"ወረቀት አላት?"

"የላትም።"

"እንግዲያውስ! ስሟ ካለ ትፈርም ይላሉ፣ እሷ ደግሞ አትፈርምም። ፈቃዱ ቀረ፣ ትምህርትህም ቀረ። በምን ልትማር ነው?"

ላጲስ የለኝም አልኩ። ነበረኝ።

ኅዳር 8

ተናድጄብሃለሁ። ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ኅዳር 10

መሬቱ ያለበት ቱላ ሄድኩ። አክስቴ እንሰቷ መሃል ነበረች። አይታኝ አለቀሰች... ከዚያ "ጃኬቱ ሰፋህ" አለች።

አንተም ሄደህ ነበር ለካ። "ስምሽን ልጻፍ ወይስ ልተወው?" ብለሃታል።

"ምን አልሽው?"

"እዚህ ከተቆፈረ የት ልኑር አልኩት። ዝም ብሎ ሄደ ልጄ፣ ዝም ብሎ።"

ኅዳር 11

ስሟን አላጠፋም አልኩ። ጋሽ በቀለ "እንደ ወንድምህ ግትር!" ብለው ሻንጣቸውን አንስተው ወጡ። ግትር ነበርክ እንዴ? መች ወሰንክና!

ኅዳር 12

ብቻዬን ነቃሁ። ቤቱ ጭጭ ብሏል። የትናንቱን ዳቦ በላሁ፣ የራሴን ሹራብ ለበስኩ፣ በሩን ቆለፍኩ። ክፍል ከመግባቴ በፊት ቢሮው ደረስኩ።

"ዛሬም አንተ? ወንድምህስ?"

"ሞቷል።" ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።

ሠራተኛዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ወራሹ ከሆንክ እንደ አዲስ በስምህ ማመልከት ነው። ረጅም ነው..." አለች።

"ፎርም ይስጡኝ።"

የማርቆስን ፎርም ደብተሬ ውስጥ ከተትኩ። በአዲሱ ላይ የራሴን ስም እንኳን ሳልጽፍ "ሌላ ሰው" የሚለውን ቦታ ፈለግኩ። ብርሃነሽ ብዬ ጻፍኩ። በእስክሪብቶ።