የስፌት ማኪናዬና ቀዩ ነጥብ

ሰኞ፣ ነሐሴ 9 ቀን 1993 (በፈረንጅ)

ጠዋት ፀሐይ፣ ከሰዓት በረዶ የቀላቀለ ዝናብ። ቤት የነበርነው እኔ፣ ወንድሜ ዘርኣይ፣ ጎረቤታችን አቶ ደበሳይ። ዘርኣይ የአየር ጠመንጃ ይዞ መጣ። የአክስታችን ልጅ ከጀርመን ያመጣው ነው። በላዩ አጭር ቱቦ አለው፤ በመስታወቱ ሲያዩ ቀይ ነጥብ ይታያል። ቅዳሜ ቤት ጊዮርጊስ ሜዳ ላይ የዒላማ ጨዋታ ሊከፍት ነው። ሽልማቱ ሳሙና፣ ኩባያ... አምስቱንም ጥይት የካፖርት ቁልፍ በምታህል ክብ ውስጥ ለከተተ ደግሞ የስፌት ማኪና።

"የማን ማኪና?"

"ያንቺ። ለማሳያ ነው እንጂ ማን ይመታል? ማስታወቂያውን ለጥፌዋለሁ።"

የምበላው በዚያ ማኪና ነው። እንቢ አላልኩም። ለምን?

ነሐሴ 10

ዘርኣይ ግቢ ውስጥ ጣሳ አስቀምጦ ተኮሰ። ጣሳው ደኅና ነው። በግራ በኩል የተሰጣው የአቶ ደበሳይ ሱሪ ተበሳ።

"ውስጡ ብሆንስ?" አሉ አቶ ደበሳይ።

"ነጥቡ ጣሳው ላይ ነበር!" ደስ ብሎታል። እንዲህ ከሳተ ማንም አያሸንፍም ይላል።

ሱሪውን እኔው ጠገንኩት። ቅዳሜ ግን ሜዳው ሕፃን በሕፃን ነው። ዓይን በምን ይጠገናል?

ነሐሴ 12

ዘርኣይ ሳያይ ነጥቡን ልናቃና ጠመንጃውን ይዘን ከከተማ ወጣ ብሎ ዓዲ ጓዕዳድ ሄድን፣ እኔና አቶ ደበሳይ። መመሪያው በጀርመንኛ ነው፤ ሥዕል ግን አለው። ማንበብ የተማርኩት ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ፣ ልብስ መቁረጥ ከተቀደደ መጽሔት... ሥዕል ይበቃኛል።

ከዒላማው ኋላ ከፍ ያለ የአፈር ቁልል ያለበት ቦታ መረጥኩ። አቶ ደበሳይ ከኋላዬ ቆመው አላፊ ይጠብቃሉ። ፍየል መጣች። "ቁሚ!" ብለው ወደ እኔ ጮኹ። ጥይቱን አውጥቼ ጠመንጃውን መሬት አስቀመጥኩ። ፍየሏ እየበላች፣ ቀስ ብላ አለፈች። ጠበቅናት።

ጠመንጃውን አሸዋ ከረጢት ላይ አስደገፍኩ። አሥር እርምጃ፣ እንደ ጨዋታው። ጣቴን ወደ ምላጩ ያስጠጋሁት ነጥቡ ሲረጋ ብቻ። ሦስት ተኮስኩ። ሦስቱም ሳቱ፣ ግን አንድ ላይ፣ ወደ ግራና ወደ ታች። ደስ አለኝ! አንድ ላይ ከሳተ ብሎን ያቃናዋል። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን አይቼ የቱቦውን የላይ ብሎን ትንሽ፣ የጎኑንም ትንሽ አዞርኩ። ሦስት ጥይት። ብሎን። ሦስት ጥይት። በአራተኛው ሦስቱም መሐል ገቡ።

ስንመለስ ነው ነገሩ የገባኝ። ማኪናዬ...

ነሐሴ 13

ነገርኩት።

"ሓፍተይ፣ አብደሻል? ግማሹ ከተማ ከበረሃ የገባ ታጋይ ነው! ሲተኩስ የኖረ!"

እሱም ይህን ያሰበው ዛሬ ነው።

"መልሰሽ አበላሺው።"

"አላበላሽም።"

ብሎን መፍቻዋን ጡት መያዣዬ ውስጥ ደበቅኳት።

ነሐሴ 14

ሳሙናው በግማሽ ሰዓት አለቀ። ታጋዮቹ ተሰልፈው ነው የመጡት፣ ተራ ሳያፋልሱ። አንድ እጅ የሌለው ሰው ሦስት ኩባያ አሸንፎ የሚሸከምለት ጠራ። ከዚያ ራሕዋ የምትባል ታጋይ፣ ፀጉሯ አጭር፣ በላስቲክ ጫማ። አምስት ተኮሰች። ዘርኣይ የካፖርት ቁልፉን ትቶ በሸሚዝ ቁልፍ ለካ። ትንሿ የሸሚዝ ቁልፍም አምስቱን ቀዳዳ ሸፈነች።

"ጠመንጃውን ማን ነው ልክ ያስያዘው?" አለች።

ዘርኣይ በአገጩ ወደ እኔ ጠቆመ፣ ሌባ እንደሚያሲዝ።

"የቐንየለይ፣ ኣደይ። ማኪናውን ነገ ጠዋት አድርሱልኝ" አለችኝ አመስግና።

ነሐሴ 15

አሥራ ሁለት ሰዓት ተነሳሁ። ማኪናውን ዘይት ቀባሁ፣ መርፌ ቀየርኩ፣ ነጭ ክር አስገባሁ። ዘርኣይ ከአልጋው አልተነሳም። ከአቶ ደበሳይ ጋር በጋሪ ጭነን ራሕዋ ወደምትኖርበት ሰፈር፣ ቃሓውታ፣ ወሰድነው። አሥራ አንድ ሴት ታጋዮች በአንድ ቤት። ራሕዋ ቁጭ ብላ ረገጠችው። ስፌቱ ወደ ግራ ሄደ። ጎንበስ ብላ መርፌው ሥር ፈለገች።

"ነጥቡ የታለ?"

ማንም አልሳቀም። ከልቧ ነበር።

"ተነሺ" አልኳት። ተቀመጥኩ። አንዷ ጨርቅ አመጣች፣ ሰማያዊ፣ አበባ ያለበት፤ ከተማ ከገቡ ጀምሮ ሳጥን ውስጥ ያስቀመጡት። ቀሚስ ይፈልጋሉ፣ ሁሉም። ጠዋት ጠዋት እዚያ እየሄድኩ ለእነሱም ለደንበኞቼም እሰፋለሁ፤ ራሕዋንም አስተምራለሁ። ተስማማን።

ከዚያ ወገባቸውን ለካሁ። ሃምሳ ስምንት። ሃምሳ ስምንት። ሃምሳ ዘጠኝ። ሃምሳ ስምንት... ሜትሬን ጠረጠርኩ። የራሴን ለካሁ፦ ዘጠና አንድ፣ እንደ ድሮው። ሜትሩ አልሳተም፤ በረሃ ነው ሁሉንም እኩል ያከሳቸው። አላምን ብዬ አሥራ አንዱንም እንደገና አሰልፌ ለካሁ።