የኋላው ግራ ስፒከር

ጥር 15
ዛሬ ሳማ ይዤ ቤት ገባሁ። ምሥራቅ ያዘዘችኝ ሻማ ነበር።

ጠዋት ከበር ስወጣ ከጀርባዬ ተናገረች። የደረሰኝ «...ማ ይዘህ ና» የሚለው ብቻ ነው። ሰሞኑን ጉልበቷን እያመማት ነው። ሳማ ለጉልበት ይሆናል ሲሉ ሰምቻለሁ... ገመትኩ። ከአጥር ሥር በፌስታል ጠቅልዬ ቆረጥኩ። እጄ እስካሁን ያቃጥለኛል።

«ይኼ ምንድን ነው?»
«ለጉልበትሽ።»
«መብራት ሲጠፋ ጉልበቴን ነው የማበራው?»

ያኔ ገባኝ። ሻማውን ረስቼው ነው፣ ሳማው ግን ከልቤ ነው አልኳት። ሳቀች። ለሚስት መዋሸት እንዲህ ቀላል ነው እንዴ?

ሁለት ዓመት ሆነው። ወፍራም ድምፅ ይሰማኛል፤ ቀጭኑ ነው የጠፋው። ሰ፣ ሸ፣ ፈ... ሦስቱ ተያይዘው ከአማርኛ ወጥተው ሄደዋል። ወፍ የለም። የሰውን አፍ እያየሁ ግማሹን እሞላዋለሁ፤ ካልሞላልኝ «እሺ» እላለሁ። በ«እሺ» ያላለፍኩት ነገር የለም። ለማን ልናገር? ሠላሳ ዓመት ሬዲዮና ቴፕ ስጠግን፣ ለሠርግ ድምፅ ማጉያ ስተክል፣ የማርቆስ ከተማ ሰው ያወጣልኝ ስም «ጆሮው» ነው። ጆሮው የሺዋስ። አይ ጆሮ።

ጥር 16
የጎረቤቴን የወይዘሮ ታየችን ቴፕ ጠገንኩ። መዳኑን በምን አወቅሁ? ከፈትኩት፣ ታየች ፈገግ አለች። በቃ ድኗል።

ጥር 19
ሪያድ ከአማኑኤል ከተማ መጣ። ጨርቅ ነጋዴው። በሠርጉ ጊዜ ድምፅ ማጉያ የተከልኩለት እኔ ነኝ፤ ከዚያ ወዲህ አይረሳኝም። አዲስ ቤት ሠርቶ ጨርሷል። ለሳሎኑ ሆም ቴአትር፣ የቲቪ ድምፅ ማጉያ፣ ሊገዛ ነው።

«ጎረቤቴ ኻሊድ ገዝቷል፣ ጋሼ። ኳስ ያለ ቀን ሰው ሁሉ እሱ ቤት ነው። የእኔ ከእሱ ባይበልጥ እንኳ...»
«እንኳ ምን?»
ትንሽ አሰበ። «መብለጥ አለበት።»

ደግሞ ምን አለ? «እርስዎ ያልሰሙት ዕቃ ቤቴ አይገባም። ለአማኑኤል ሰው ሁሉ ተናግሬያለሁ።» እኔ ያልሰማሁት ካልገባማ ሳሎኑ ባዶውን ሊቀር ነው።

እምቢ ማለት ነበረብኝ። አፌ «እሺ» አለ። ልማድ።

ጥር 21
ተዘጋጀሁ። ወፍራሙን ድምፅ፣ ቤዙን፣ በመዳፌ እዳብሳለሁ፣ እሱ አይዋሽም። ስፒከሩ ላይ ቁራጭ ወረቀት አስቀምጬ ጭፈራውን አያለሁ። ለቀጭኑ ድምፅ ደግሞ የሪያድን ቅንድብ አነባለሁ። ከዚያ ዓይኔን ጨፍኜ፣ አገጬን ይዤ፣ እንደ ቅኔ መምህር ዝም እላለሁ። ሰው ዝም ያለን አዋቂ ያምናል።

ኃጢአት ነው? ትንሽ ነው። ደስ ይላል? ...እሱም ትንሽ።

ጥር 23
ከመናኸሪያው በላይ ካለው ሱቅ ሄድን። ባለሱቁ ድረስ ይባላል፤ ጨዋ ሰው ነው። ሦስት ዓይነት ደረደረልን። አንዱ ትልቁ፤ ሰባት ስፒከር፣ የቤዙ ሳጥን የጤፍ ጆንያ ያህላል። አንዱ መካከለኛ። ሦስተኛው ከቲቪ ሥር የምትጋደም አንድ ዘንግ፣ ከትንሽ ሳጥን ጋር። ሪያድ ዘንጓን አላያትም። ዓይኑ ጆንያው ላይ ነው።

ሚስቱ ፈውዚያም አብራ መጥታለች። ካርቶን ላይ ተቀምጣለች። ትልቁ በተከፈተ ቁጥር ፊቷን ኮምተር ታደርጋለች። ሰልችቷት ነው ብዬ ተውኩት።

ድረስ በትልቁ የሄሊኮፕተር ፊልም ከፈተ። ዳበስኩ። ወረቀቱ ጨፈረ። የሪያድ ቅንድብ ጣሪያ ነካ። እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ... አላቆምኩም። ዓይኔን ጨፍኜ፣ ጣቴን ወደ ኋላ ቀስሬ፣ «በተለይ የኋላው ግራ... እንዴት ጥርት ያለ ነው» አልኩ።

ሪያድ ራሱን ነቀነቀ። ድረስም ነቀነቀ።

ወንዶቹ ስለ ዋስትናው ሲያወሩ ፈውዚያ በጣቷ ጠራችኝ። ከኋላው ግራ ስፒከር ሥር ጎንበስ አለች፣ የገመዱን ጫፍ ከወለሉ አንስታ አሳየችኝ። አልተሰካም ነበር። ድረስ ረስቶታል።

ገመዱን ቀስ አድርጋ መልሳ አስቀመጠችው።

ጥር 24
ሱቅ አልከፈትኩም። ራሴን አሞኛል አልኩ። ምሥራቅ ዳማከሴ ጨምቃ ሰጠችኝ። ዳማከሴ ለእፍረት አይሆንም።

ጥር 26
ፈውዚያ ሱቄ መጣች። ካውያ ተበላሸብኝ ብላ። ሰካሁት፤ ጋለ። ምንም አልሆነም።

መቀመጫ ዱካውን ጎትታ ብርሃኑ ፊቷ ላይ እንዲያርፍ አድርጋ ተቀመጠች። ቀስ ብላ፣ አፏን ከፈት እያደረገች ነው የምትናገረው። ለካ ሁሉም ገብቷታል።

«ጋሼ፣ መቼ ነው የደከመብዎ?»
«ምኑ?»
«ተዉ እንግዲህ።»
«ሁለት ዓመት።»
«ማን ያውቃል?»
«አንቺ።»

ከዚያ ጉዳይዋን አወጣች። የኻሊድን ሚስት ረሺዳን አውቃት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ያ ሆም ቴአትር ከገባ ወዲህ ቅዳሜና እሑድ ለአሥራ አምስት ወንድ ሻይ ስታፈላ ነው የምትውለው። ጎል ሲገባ ስኒ ይሰበራል። «እኔ አዲሱን ቤቴን ሻይ ቤት አላደርገውም። ትንሿን ይምረጡ። እኔም ያየሁትን አላየሁም።»

ማስፈራራት ነው ይኼ? ነው። ግን እንዲህ በአክብሮት፣ በእርስዎ፣ ከንፈሯን እንዳነብ ብርሃን ላይ ተቀምጣ የምታስፈራራ ሰው አይቼ አላውቅም። ልቆጣ ሞከርኩ። ሳቄ መጣ።

ሳሎኑን ሳላይ አልፈርድም አልኳት። «ይዩት» አለች። ደህናውን ካውያ ይዛ ሄደች።

ጥር 29
አማኑኤል። የራሴን አምፕሊፋየርና አንድ ትልቅ የሠርግ ስፒከር በሚኒባስ ጭኜ ወረድኩ።

ሳሎኑ ያምራል። ለድምፅ ግን... ወለሉ ሴራሚክ፣ አንድ ግድግዳ ሙሉ መስታወት፣ ኮርኒሱ ስስ። ቡፌው ውስጥ የፈውዚያ እናት የሰጠቻት ብርጭቆዎች ተደርድረዋል። ስፒከሩን ገና ግማሽ ከፍ ሳደርገው ብርጭቆዎቹ መራመድ ጀመሩ። ወላሂ አለ ሪያድ። አንዱ ከመደርደሪያው ጫፍ ሲደርስ ፈውዚያ በሁለት እጇ ያዘችው። እኔን አየችኝ። ክፍሉ ራሱ ትንሿን መርጧል!

ታዲያ ችግሩ ምን ነበር? እውነቱን ብናገር የዝምታዋን ጉቦ የበላሁ ልመስል ነው። ለማን? ለራሴ።

ሪያድ ግን ግትር ነው። «ቡፌውን እናወጣዋለን። የድምፁን ነገር ይንገሩኝ። ትልቁ ድምፁ ያምራል አይደል?»

ሁለቱም እኔን ነው የሚያዩት። «አይ፣ አያምርም» ብል በቃ ነገሩ ያልቃል። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ለዚህ ሰው በሠርጉ ቀን ዝናብ እየወረደ ሽቦ የያዝኩለት ትዝ አለኝና...

«አላውቅም» አልኩት። «አልሰማሁትም። ቀጭን ድምፅ ከሰማሁ ሁለት ዓመቴ ነው።»

ዝም አለ። ዝምታን መቼም እሰማለሁ።

«የኋላው ግራ ጥርት ያለ ነው አላሉም?»
«ገመዱ አልተሰካም ነበር።»

ፈውዚያ ሳቋ አመለጣት። ሪያድ አልሳቀም። ለሰው ሁሉ ነው የተናገርኩት አለ፣ ወለሉን እያየ። ከዚህ በፊት ሰው እንደዚያ አሳፍሬ አላውቅም። ይቅርታ አልኩት።

ያኔ ፈውዚያ ገባችበት። «ትልቁ እዝዝ ይላል። ሴት ስትናገር ጠርሙስ ውስጥ የገባ ዝንብ ይመስላል። የዚያን ቀን ሱቁ ውስጥ ሰምቼዋለሁ።»
«ሻይ ማፍላቱን ፈርተሽ ነው» አለ ሪያድ። ያውቃታል።
«ሻዩም አለበት። ዝንቡም አለ።»

የካቲት 2
ሦስታችንም ከድረስ ሱቅ። ሪያድ እስካሁን በደንብ አላናገረኝም። ሚስቱንም አላመናትም። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ እንድትቆም አደረጋት። ድረስ ሦስቱን እያቀያየረ ከፈተ፣ አንዱን ሁለቴ፣ አንዱን ሦስቴ። እሷ ሳትዞር «ዘንጓ... መካከለኛው... አሁን ዝንቡ... መካከለኛው... ዝንቡ» ትላለች። አንድም አልሳተችም። ድረስ አፉን ከፍቶ ቀረ። እኔ የሷን ከንፈር ስለማላይ ያለችውን በኋላ ነው የነገሩኝ፤ ልክ መሆኗን ግን የነገረኝ የድረስ ፊት ነው።

ትልቁ በብሎን መፍቻ ይከፈት አልኩ። ድረስ እምቢ አለ፤ ዋስትናው ይበላሻል። ሪያድ ካልተከፈተ አንገዛም አለ። ተከፈተ።

አራት ብሎን። እጄ እንኳ አልደከመም፣ ይመስገን። የትልቁን የመሃል ስፒከር አወጣሁና የሚርገበገበውን ወረቀት ዙሪያ በጣቴ ጫፍ ቀስ ብዬ ዳበስኩ። ከታች በኩል የጥፍር ያህል ቦታ ሙጫው ለቋል። የሪያድን ጣት ይዤ እዚያው ላይ አሳረፍኩት።

«ይኼ ነው?»
«ይኼ ነው ዝንቡ።»

ድረስ አፈረ። አላወቀም ነበር፣ አምነዋለሁ። በወሩ ሌላ ትልቅ አስመጣለሁ አለ። ሪያድ ሚስቱን አየ፣ እኔን አየ። «አሁንስ ምን ይላሉ፣ ጋሼ?» ጋሼ ሲለኝ ከሦስት ቀን በኋላ ነው።

«ጆሮዬን አትመን። ቤትህን ግን አይቻለሁ። ትንሿን ውሰድ።»

ወሰደ። ፈውዚያ በካውያ ሰበብ መጥታ ያለችኝን ግን ለሪያድ አልነገርኩትም። ይኼ ደብተር ብቻ ነው የሚያውቀው። ደብተር ደግሞ ሻይ አፍልቶ ወሬ አይነዛም።

የካቲት 5
አማኑኤል ሄጄ ተከልኩላቸው። እኔ ሽቦ፣ ፈውዚያ ሪሞት። «ቀነስ... ትንሽ ወደ ግራ... በቃ።» በምልክት ነው የምንግባባው። ኻሊድ መጥቶ አየ። ትንሽ ናት አለ። ከዚያ ምሳ እስኪደርስ ከሶፋው አልተነሳም።

የካቲት 9
የጆሮዬን ነገር ለምሥራቅ ነገርኳት። ትስቃለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም።

«አምና የአክስቴን ለቅሶ እንድረስ ብዬህ እሺ ብለህ ሱቅህ ሄድክ። ብቻዬን ነው የደረስኩት። ናቀኝ ብዬ ስንት ቀን አለቀስኩ?»

አልሰማሁም ነበር። እሺ ያልኩት ለምን እንደነበር እንኳ አላውቅም። ሌላም ሌላም ነገረችኝ። አንዱንም አላስታውሰውም፤ ሁሉንም እሺ ብያለሁ። ስሜን ብዬ የደበቅሁት ነገር የሷን ሁለት ዓመት በልቷል።

ቀኑን ሙሉ አላናገረችኝም። ደግ አደረገች።

የካቲት 10
ምሥራቅ ፊት ለፊቴ መጥታ ቆመች። «ሐኪም ቤት አብረን ነው የምንሄደው» አለች። አንድም ፊደል አልጠፋኝም።

የካቲት 17
ሐኪሙ ወጣት ነው። ሁለቱም ጆሮ ቀጭኑን ድምፅ አጥቷል አለ። የሠርግ ስፒከር አጠገብ ሠላሳ ዓመት ቆመህ ምን ጠበቅህ ማለቱ ነው፣ በጨዋ አነጋገር። ማዳመጫ መሣሪያ ታዟል። እስኪመጣ መጠበቅ ነው። ምሥራቅ ስንት ጥያቄ ጠየቀችው። እኔ አንድ ብቻ፤ ወፍ ያሰማል ወይ? ያሰማል አለ።

የካቲት 26
ሮብ ገበያ ከሚባለው ከተማ አዲስ የተከፈተ ሆቴል ለአዳራሹ ድምፅ ምረጥልን ብሎ ጠራኝ። ባለቤቷ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ናት። ገና ስገባ «ፊት ለፊቴ ሆነሽ አናግሪኝ፣ ጆሮዬ ደክሟል» አልኳት። ደነገጠች። ጆሮው አንተ አይደለህም እንዴ አለችኝ። ነበርኩ አልኳት፤ አሁን ጆሮዋ ይቺ ናት። አብራኝ ልትሠራ የተስማማችው ፈውዚያ ከኋላዬ የሽቦ ጥቅል ታቅፋ ቆማለች።

እሷ ሰማች፣ እኔ ፈታሁ። አንዱን አስጣልን። ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ ፈውዚያ ስትስቅ አየሁ። ምን ሆነሽ ነው?

«ወይዘሮዋ ለባሏ ያለችውን አልሰሙም?»
«ምን አለች?»
«ጆሮ ማከራየት ተጀመረ ወይ?»

የሳቅኩት ሳቅ ሾፌሩን አዞረው።

መጋቢት 3
መሣሪያው አልመጣም። ምንም አይደል።

ከሰዓት በኋላ በረንዳ ላይ ሬዲዮ ፈትቼ ተቀምጬ ሳለሁ ምሥራቅ ከጓዳ ተናገረች። ምን እንዳለች እንጃ። ድሮ ቢሆን «እሺ» ብዬ ሥራዬን እቀጥል ነበር። ብሎኑን አስቀመጥኩ፣ ተነሳሁ፣ ጓዳው በር ላይ ሄጄ ቆምኩ።

«አልሰማሁሽም። ምን አልሽ?»

እጇን በፎጣ ጠርጋ ወደ እኔ ዞረች። አየችኝ... ብዙ አየችኝ። ከዚያ ፊቷን ወደ ብርሃኑ አድርጋ፣ ቃል በቃል፣ ቀስ ብላ፦

«ውኃ መጥቷል። በርሜሉን ሙላ።»

አለመስማት ለካ ጥቅምም ነበረው። ሁለቱንም በርሜል ሞላሁ።