የፍሬሙ ጀርባ

ቅዳሜ፣ መጋቢት 12፣ ጠዋት

ለእህት ዓለም፣

እኔ ቁንጫ የተባልኩት ታናሽ እህትሽ፣ አእምሮዬ ጤነኛ ሆኖ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ የሳሎኑን ትልቅ ፍሬም መስታወት በመጥረጊያ እንጨት መስበሬን በዚህ ደብዳቤ አምናለሁ። የሸረሪት ድር ላወርድ ነበር። ሸረሪቷ ምንም አልሆነችም።

ይህን የችሎት አማርኛ ያስለመደኝን ታውቂዋለሽ፤ አጎታችን ዳኛው ነው። ሰላሳ ዓመት ለዳኞች መዝገብ ሲያቀርብ ኖሮ አንድም ቀን ወንበሩ ላይ ሳይቀመጥ ጡረታ የወጣ ሰው፣ አሁን እኛ ሳሎን ያስችላል። በቀዘቀዘ ሻይ ላይ ይፈርዳል። የጎረቤት ድመት ላይ እንኳ ፈርዷል፣ በሌለችበት።

አሁኑኑ ሳቂልኝ፤ ከዚህ በኋላ የሚያስቅ ብዙ የለም። "ሁላችንም ደህና ነን" ብሎ የጻፈልሽን እርሺው። ጥናትሽን እስክትጨርሺ ምንም እንዳይነገርሽ ወስኗል፤ ስትደውዪም ስልኩን የሚይዘው እሱ ነው። ይህን ግን ጎረቤታችን ሹፌሩ ነገ እጅ በእጅ ያደርስልሻል። እኔ አልነገርኩሽም፤ ጻፍኩልሽ እንጂ።

ፍሬሙ ውስጥ የነበረው ያንቺ ደብዳቤ ነው፤ ጥቅምት ላይ የላክሽው፣ አናቱ ላይ የቤተ ሙከራሽ ማህተም ያለበት። የመጣ ዕለት ዳኛው መነጽሩን ጠርጎ፣ ቆሞ አነበበው። የኩላሊት ሴሎች በሳህን እንደምታሳድጊ፣ ሴሎቹ ፕሮስታግላንዲን የሚባል ነገር እንደሚሠሩ፣ እሱም ወደ ኩላሊት ደም የሚያደርሱትን ቀጫጭን ሥሮች ከፍቶ እንደሚይዝ ጽፈሻል። ቀጥለሽም የሰውነት መቆጣትን የሚያበርደውን ስቴሮይድ ጠብ ስታደርጊባቸው፣ ሴሎቹ ያንን ነገር መሥራት እንደሚቀንሱ ጻፍሽ። ገጹ እዚያው ላይ በአራት ነጥብ አለቀ።

አባዬ ደግሞ ለኩላሊቱ የሚውጠው ኪኒን ያው ስቴሮይድ ነበር። ዳኛው ሁለቱን አረፍተ ነገሮች ገጠማቸውና፣ "የገዛ ልጅህ መስክራለች፤ ይህ ኪኒን የኩላሊትህን በር እየዘጋ ነው" አለው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ የባዮሎጂ ተማሪዋ ምን ትላለች ብሎ ጠየቀኝ። እዚህ ቤት ሐሳቤን የጠየቀኝ ሰው ኖሮ አያውቅም። አንገቴን ቀና አድርጌ፣ አዎ፣ እንደዚያ ነው የሚለው አልኩ።

ኪኒኖቹ እንደ ተያዘ ማስረጃ በፖስታ ታሽገው፣ "ኤግዚቢት" ተብሎ ተጽፎባቸው ዳኛው መሳቢያ ገቡ። አባዬ ደብዳቤሽን ኮርቶበት ፍሬም ውስጥ አስገባው፤ ፊቱን ወደ ሰው፣ ጀርባውን ወደ ግድግዳ።

እኔ ጀርባውን ያየሁት መጋቢት መግቢያ ላይ፣ መስታወቱን የሰበርኩ ዕለት ነው። እንዲህ ይላል፦ "ይህ ሁሉ ግን ሳህን ላይ ያለ ሴል እንጂ አባዬ አይደለም። የእሱን ኩላሊት የሚጎዳው የሰውነቱ መቆጣት ነው፤ ኪኒኑም የሚያበርደው ያንን ነው። ሐኪሙ ሳያዝ አንድ ቀን እንኳ እንዳያቋርጥ። ቁንጫ፣ ይህችን አንቺ ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው።"

አነበብኩላቸው። በአምስት ወሩ።

በዚያን ጊዜ አባዬ ጫማው አልገባ ብሎት በነጠላ ጫማ መሄድ ጀምሯል። እግሩን በጣት ስትጫኚው ጉድጓዱ አይሞላም። ጠዋት ዓይኑ የሚገለጠው በመከራ ነው። ዳኛው ወረቀቱን ገልብጦ አየና፣ "ማህተሙ ፊቱ ላይ ነው፤ ጀርባው ማስረጃ አይሆንም" አለ። ድምፁ ግን እንደ ወትሮው አልነበረም። አባዬ ዓይኑን ወደ ባዶው ግድግዳ መለሰ። ታላቅ ወንድሙ በተናገረው ላይ ቃል ጨምሮ አያውቅም፣ በስልሳ ዓመቱም ቢሆን።

ስለዚህ ኤግዚቢቱን ሰረቅኩ። በየጠዋቱ በማንኪያ ጀርባ ፈጭቼ ሾርባው ውስጥ እጨምርለት ጀመር። የታዘዘለት በቀን ስምንት ፍሬ ነው፤ እኔ ፈርቼ ሁለት። እንዴት እንደሚመር ቀምሼዋለሁ። ሐሙስ ዕለት ክሊኒክ ሄጄ ነርሷን የጓደኛዬ አባት እያልኩ ጠየቅኳት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ይህ የልጅ እጅ ሥራ አይደለም፣ መድኃኒቱን እንደዚያ ማቋረጡም እንደዚህ መቆንጠሩም ሰው ይገድላል፣ ዛሬ ሳይሆን ትናንት መምጣት ነበረበት አለችኝ። ከዚያ ቀስ ብላ፣ አባትሽ ስንት ዓመቱ ነው ብላ ጠየቀችኝ።

ኪኒኑ ትናንት አለቀ።

ለዳኛው ደውዪለት። ተሳስተዋል እንዳትዪው፤ ካልሽው ፍርዱን እስከ መቃብር ይጠብቀዋል፣ መቃብሩ ደግሞ የሱ አይሆንም። ይግባኝ ልጠይቅ ነው በዪው፣ አዲስ ማስረጃ ተገኝቷል በዪ። ማህተም ያለበት ወረቀትም ላኪ። በአንድ ገጽ ብቻ ጻፊ፤ ጀርባው ባዶ ይሁን።

ይህን የምጽፈው ከአባዬ በር ውጪ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ነው። ሾርባውን እየጠጣ ነው። የማንኪያውን ድምፅ እየቆጠርኩ ነው የምጽፈው። አምላክ ከክፉ ይሰውርሽ፣ እጅሽንም ሳህኖችሽንም ይባርክልሽ። ጥናቴን አቋረጥሽብኝ ብለሽ እንዳትቆጪኝ፣

ታናሽሽ

ማንኪያው ቆመ።

"ቁንጫ" አለኝ በበሩ ስንጥቅ፣ ዳኛው እንዳይሰማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ዛሬ ሾርባው አልመረረም።"