ከራስጌሽ የለቀምኩት ጉሎ

ጥርዬ፣ የቤቴ አዛዥ፣

እንደምን ከርመሽልኛል? የሞተ ሰው እንዴት ይከርማል ብለሽ እንደምትስቂብኝ አውቃለሁ። ግን ሌላ አጀማመር አልችልበትም። እኔ አዲጋላ ባቡር ጣቢያ ስሠራ አንቺ ድሬዳዋ እናትሽ ጋ ለመታረስ በሄድሽ ጊዜ የጻፍኩልሽም እንዲሁ ብዬ ነበር። ከተለየሽኝ ሦስት ዓመት ከአምስት ወር ሆነ። ጥርሴ በሁለት ቀንሷል፤ ምላሴ እንዳለ ነው።

ይህን ደብዳቤ እዚህ ጅጅጋ ያሉ ጎረቤቶቻችንም እንዲያነቡት ፈቅጃለሁ። ያስፈራኋቸው ሰዎች አሉ። እውነቱን ከሰው ወሬ ሳይሆን ከእኔው እጅ ያግኙት።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርሽ። ያሳደግሻት የልጅ ልጃችን ማሂ ኬሚስትሪዋን ጨረሰች። ሥራ ብትፈልግ ብትፈልግ ስታጣ የጓሮውን ክፍል ኖራ ቀብታ፣ መደርደሪያ አስመትታ፣ ያንቺን የጉሎ ዘይት ማውጣት ጀመረች። ገበያው ላይ ከውጭ የሚመጣው የቆዳ ማቅያ የብዙ ሴት ፊት አበላሽቷል፤ ስለዚህ ሰው ወደ ተፈጥሮው ተመልሷል። ካራማራን አልፎ የሚመጣው ደረቅ ነፋስ ደግሞ የማንንም ቆዳ አይምርም። ማሂ ዘይቱን ከንብ ሰም ጋር አዋህዳ በትንንሽ ብልቃጥ ትሸጣለች። ብልቃጡ ላይ የጉሎ ቅጠል ሥዕል ብቻ ነው ያለው። መልክሽም ስምሽም የለበትም። ይህን ልብ በይልኝ፣ ኋላ ይፈለጋል።

አሠራሩ ያንቺው ነው። ፍሬውን ታምሳለች፣ ትወቅጣለች፣ በውኃ ትቀቅላለች፣ ከላይ የሚንሳፈፈውን ዘይት ትገፍፋለች፣ ውኃው እስኪጠፋ እንደገና እሳት ላይ ትጥዳለች። አንቺ በማንኪያና በዓይንሽ የምትሠሪውን እሷ ጓንት አጥልቃ በሙቀት መለኪያ ትሠራዋለች። ጥሬው ፍሬ መርዝ ስለሆነ ማንም ሕፃን እንዳይደርስበት ትቆልፍበታለች። እኔንም ከሕፃኑ ቆጥራ ቁልፉን አትሰጠኝም።

አዲጋላ ትዝ ይልሻል? ያ አሸዋ የሚያዘንብ ነፋስ ፊታችንን እንደ አሮጌ ጫማ ሲያደርቀው፣ ልጆቹን በተርታ አቁመሽ፣ እኔን መጨረሻ ላይ አድርገሽ፣ ትቀቢን ነበር። የባቡር ፉርጎ በር ግማሹን የበላው ትንሹ ጣትሽ ሁልጊዜ ሌሎቹ ካለፉ በኋላ ነበር የሚደርሰው። ከጆሮ ኋላ ሳትቀቢ ሰው አትለቂም ነበር። ነፋስ የሚገባው በዚያ ነው ትይ ነበር፤ ከየት እንዳመጣሽው እግዜር ይወቅ። እኔ ደግሞ የሰው ሚስት ሽቶ ትሸታለች፣ የእኔዋ የባቡር ግራሶ፣ እያልኩ አበሽቅሽ ነበር። ስትስቂ እጅሽ ከፊቴ ላይ ይንሸራተታል። እንዲንሸራተት ብዬ ነበር የማስቅሽ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

ማሂ ከሥራው ሁሉ ለእኔ የሰጠችኝ አንድ ነገር ነው፤ በወር አንዴ ባቢሌ ገበያ ሄጄ የጉሎ ፍሬ ገዝቼ መምጣት። ሁለቴ በሐቅ ሄድኩ። በሦስተኛው ወር መናኸሪያ ስደርስ ሚኒባሱ ሞልቶ ወጥቷል። ባዶ ጆንያዬን በብብቴ ይዤ ስመለስ በቤተ ክርስቲያኑ በኩል አለፍኩና ልይሽ ብዬ ገባሁ። ከመቃብርሽ ራስጌ፣ ከግንቡ ሥር፣ ጉሎ በቅሎ ከቁመቴ በልጧል። ማንም አልተከለውም፤ ጉሎ መቼ ተካይ ይጠብቃል። ጥላው ውስጥ ተቀመጥኩ። የደረቀው ፍሬ በፀሐይ ጣ እያለ ሲፈነዳ፣ ዘሩ ተወርውሮ ጉልበቴ ላይ ያርፋል። ወሬ ጀመርን። እኔ አወራሁ፣ እሱ ጣ አለ። ሲመሽ ጆንያዬ ሞልቶ ነበር።

ለማሂ ከባቢሌ መጣሁ አልኳት። ማስረጃ እንዲሆነኝ ከጅጅጋ ገበያ ኦቾሎኒ ገዝቼ በኪሴ አድርጌ ነበር፤ ከባቢሌ ያለ ኦቾሎኒ የሚመለስ ሰው የለም። ሾፌሩ ሰው በሰው ላይ ጭኖ ጉልበቴን እንዳሳመመኝ ስነግራት፣ ምስኪኗ ውኃ አሙቃ እግሬን አሸችልኝ። ከዚያ ወዲያ ስምንት ወር ሙሉ ባቢሌን በዓይኔ አላየኋትም። ወር በመጣ ቁጥር ጆንያዬን ይዤ አንቺ ጋ እውላለሁ። ፍሬው ያልቅ ይሆን ብዬ ብሰጋም አላለቀም። የለቀምኩት ዘለላ በወሩ ስመለስ ሞልቶ ይጠብቀኛል። ጉሎ እንደዚህ ያፈራል ወይ ብዬ ማንንም አልጠየቅኩም፤ መልሱን አልፈለግኩትም።

መጀመሪያ የመጣችው ሂቦ ናት፤ ገበያ ውስጥ ሺቲ ቀሚስና ጋርባሳር ሻሽ የምትሸጠው። አንቺን አታውቅሽም። እዚህ ሱቅ የከፈተችው ከሞትሽ በኋላ ነው። እኔን አዴር ትለኛለች፣ አጎቴ እንደማለት ነው። በር ላይ ቆማ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችኝ።

«አዴር፣ ይቺ ጣቷ ግማሽ የሆነችው ሴትዮ ማን ናት?»

ቅባቱን ፊቷ ላይ አድርጋ መስታወት ፊት ተቀምጣ ሳለች፣ ሞቅ ያለ እጅ ከኋላ መጥቶ ጆሮዋን ገለጥ አደረገው አለች። ከጆሮሽ ኋላ ረሳሽ የሚል የሴት ድምፅ ሰማች። በሶማሊኛ ነው ያናገራት፣ ግን እንደ ጅጅጋ ሰው አይደለም፤ እንደ ኢሳዎቹ፣ እንደ ባቡር መንገዱ ሰዎች። መስታወቱ ውስጥ ከእጁ በቀር የታየ ነገር የለም።

ሶማሊኛሽን አውቀዋለሁ፣ ጥርዬ። ከአዲጋላ ወተት ሻጮች ጋር ስትከራከሪ የለመድሽው ነው።

ቀጥሎ ሸደር የስደተኞች ካምፕ የምትሠራ ነርስ መጣች። በየቀኑ በመኪና ስትመላለስ አቧራው ስለሚያደርቃት ደንበኛችን ሆናለች። እሷ ያየችው ነገር የለም። ጠዋት ስትነሳ ብልቃጡን ሳትከፍት ከሁለቱም ጆሮዋ ኋላ ዘይት ታገኛለች። የድካም ነገር ነው ብላ ሳቀች። ስትስቅ ግን እጇ ጆሮዋ ላይ ነበር።

ፈራሁ ብዬ አልዋሽሽም። ቀናሁ። ለሂቦ፣ ለነርሷ፣ ለማታውቂያቸው ሴቶች ስትመጪ፣ አርባ ስድስት ዓመት አብሬሽ ለተኛሁት አልመጣሽም። አንድ ቀን ማሂ ስትወጣ መላጣዬን ከነአንገቴ በቅባት አጥለቅልቄ ሳሎን ተቀምጬ ጠበቅኩሽ። ጆሮዬን ሆን ብዬ ሳልቀባው ተውኩት። የመጣ ዝንብ ብቻ ነው።

ከዚያ የማሂን ደብተር አየሁ። የየዙሩን ምርት እየለየች ትጽፋለች፣ ብልቃጡም ሥር ቁጥሩን ትለጥፋለች። ከሁለቱ የባቢሌ ዙሮች የገዛ ሰው ምንም አልገጠመውም። ሂቦም ነርሷም የያዙት ከሦስተኛው ወዲህ ያለውን ነው። ደብተሩን ዘግቼ ወደ ቦታው መለስኩት። ገባኝ። ከአፈርሽ የበቀለውን ለቅሜ፣ አስወቅጬ፣ በብልቃጥ አድርጌ በከተማው ያዞርኩሽ እኔ ነኝ።

ለማንም አልተናገርኩም። ጅጅጋ ውስጥ እየዞርሽ ሰው ትቀቢያለሽ፣ ሥራ አልፈታሽም፣ ብዬ ደስ አለኝ። ሥራ መፍታት ከሞት ይከፋል ትይ አልነበር?

ሰላማዊት እስክትመጣ ድረስ ነበር ደስታው። ከእኛ ሦስተኛው ቤት የተከራየው ወጣት መምህር ሚስት ናት። ከወላይታ ተመድበው ከመጡ ዓመት አልሞላቸውም፤ የስድስት ወር ወንድ ልጅ አላቸው። ቅባቱን ለእጇ ነው የገዛችው። ልጇን በፍጹም አልቀባችውም፤ ማሂም ለሕፃን አይሆንም ብላታለች። ግን ልጁ አልጋው ላይ እንዳለ ወደ ባዶው ጥግ እያየ ይስቃል። ከሳቀ በኋላ አንገቱን አዙሮ ጆሮውን ይሰጣል፣ ቀጥሎ ሌላውን ጆሮ። መታቀፊያውን አምጥታ ዘረጋችልኝ። ዘይት የነካው እጅ አርፎበታል። አራት ጣት ከግማሽ።

ዘጠኝ ቀን ሙሉ ልጁን ከክንዷ አላወረደችውም። ዓይኗ ገብቷል። አልጮኸችም።

«አባባ፣ ልጄን ማን ነው የሚቀባብኝ?»

ቀልድ ፈልጌ አፌን ከፈትኩ። አልመጣልኝም። በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው።

እሷን ከሸኘሁ በኋላ ጓሮ ተቀምጬ አሰብኩ። ብናገር የማሂ ስም በከተማው ይጠፋል፤ የመቃብር ዘይት ሸጠችልን ከተባለ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አይምራትም። ጉሎውም ይቆረጣል፣ አንቺም ትሄጃለሽ። ሁለተኛ መሞት ነው። ዝም ብል ደግሞ አንዲት እናት ልጇን ማስተኛት ፈርታ ትቀራለች። አንቺ አምስት ወልደሻል፣ የትኛውን እንደምትመርጪ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

ማሂ ሰም እያቀለጠች ነበር። ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት፤ ኦቾሎኒውን ሳይቀር። ምድጃውን አጠፋች፣ ጓንቷን አወለቀች። ትሰድበኛለች ብዬ አንገቴን ደፍቼ ስጠብቅ፣ የጠየቀችኝ ሌላ ነገር ነው።

«አንተ ጋስ መጥታ ታውቃለች?»

አልመጣችም አልኳት። ያን ጊዜ አለቀሰች። ስለ ብልቃጦቹ አልነበረም ያለቀሰችው።

በማግስቱ ቤት ለቤት ዞርን። እሷ በር ታንኳኳለች፣ እኔ ጥፋቴን እናገራለሁ፣ ብልቃጡን ተቀብለን የከፈሉትን እንመልሳለን። ያማተበ አለ፣ የረገመኝ አለ፣ በሩን የዘጋብኝም አለ። ሂቦ አዑዙ ቢላህ ብላ ብልቃጡን በጨርቅ ጠቅልላ ሰጠችኝ። ጥቂት እንደሄድን ግን ከሱቋ ወጥታ ጠራችኝና ሰላምታ ላከችብሽ። ሶማሊኛዋ ያምራል በልልኝ ብላለች። ይኸው፣ ብያለሁ።

ዘይቱን ሌላ ቦታ መድፋት አልሆነልንም። አምጥተን ራስጌሽ አፈሰስነው። አፈሩ ክው ብሎ የደረቀ ነበር፣ ዘይቱ ግን አልሰረገም። ላዩ ላይ ተኝቶ እንደ መስታወት አበራ፤ የማሂንና የእኔን ፊት አየሁበት። ቁልቁል ያየነው ሁለት ነበርን፣ ጥርዬ። ፊቶቹን ግን ደግሜ አልቆጠርኳቸውም። ማሂ እጄን ያዘችኝ። ከዚያ ዘይቱ በአንድ ጊዜ ጥልቅ አለ፤ የተጠማ ሰው እንደጠጣው። መጥረቢያውን አነሳሁና ጉሎውን ከሥሩ ቆረጥኩ። ሥሩንም ነቀልን። አንዲትም ፍሬ አልፈነዳችም።

ማታ መምህሩ መጣና ልጁም እናቱም ተኝተዋል አለን። እኩለ ቀን ላይ የተኛችው ሰላማዊት ገና አልነቃችም ነበር።

አትቀየሚኝ። ክፋት እንደሌለብሽ አውቃለሁ። የደረቀ ቆዳ አይተሽ ማለፍ አትችዪም፤ መሞትሽ እንኳ አላስተወሽም። ግን የሰው ሕፃን ያለ እናቱ ፈቃድ አይነካም፤ ይህን ለእኔ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። ከእንግዲህ ወደ ማንም ቤት አትሂጂ። እረፊ።

እኔ ጋ ያልመጣሽበትንም ምክንያት ቁጭ ብዬ ደረስኩበት። በወር በወር ጎንሽ ተዘርፍጬ እየዋልኩ፣ ወዴት ብለሽ ትመጫለሽ? ለካ ሳትመጪ የቀረሽው እኔ አንቺ ቤት ስለነበርኩ ነው። ቅናቴን መልሻለሁ።

አሁን ባቢሌ የምትሄደው ማሂ ራሷ ናት፤ እኔን አታምነኝም፣ ልክ ናት። ከደንበኞቿ የተመለሱት አራት ብቻ ናቸው። ሂቦ አንዷ ናት፣ ጆንያውን አስፈትታ ፍሬውን በእጇ ዘግና ካየች በኋላ። የቀሩት ይመለሱ አይመለሱ አላውቅም። ማሂ ግን ክፍሉን አልዘጋችም።

ስምንት ወር አንቺ ጋ የዋልኩት እንደ ሌባ ተደብቄ ነው። ሽማግሌ ሚስቱን ናፍቆ መቃብር ይውላል እንዳልባል አፍሬ፣ ጆንያ ተሸክሜ፣ ገበያ ሄድኩ ብዬ። ከእንግዲህ ተደብቄ አልመጣም። አንቺ ጋ እስክጠቃለል ድረስ አስብሻለሁ፣ ስምሽንም ሰው እየሰማኝ እጠራዋለሁ። በእሑድ ጠዋት ባርኔጣዬን ሳነሳ ማሂ ከጓሮ ሆና ወዴት ነው አባባ ስትለኝ፣ ባዶ እጄን አሳይቼ፣ አያትሽ ጋ፣ እላታለሁ።

ያንቺው፣
ጎረምሳሽ